የፕሮቲን ካርታ በማስ ስፔክትሮሜትር፦ ከሙቀጫው እስከ ኮምፒውተሩ

ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን የሚመዝን ማሽን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኝ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። ናሙናውን ይዞ ወደ ማሽኑ ይሮጣል። እኔም ሮጫለሁ። ማሽኑ ውድ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ፓምፑ ቀንና ሌሊት ያጓራል፤ ሥራው ሁሉ እዚያ ውስጥ የሚያልቅ ይመስላል። ግን ማሽኑ የሚመዝነው የሰጣችሁትን ብቻ ነው። የጣታችሁን ቆዳ ከሰጣችሁት የጣታችሁን ቆዳ በሚገርም ትክክለኛነት መዝኖ ይመልስላችኋል። ካርታው የሚያምረውም የሚበላሸውም ከዚያ በፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለጠረጴዛው ነው።

በምሳሌነት ሁለት ነገር እይዛለሁ። አንዱ በሳህን ላይ የሚያድግ የሰው ሴል ነው፣ ሄላ የሚባለው። ሌላው የአይጥ ጉበት ነው። ሁለቱን ከሠራችሁ ሌላው ቲሹ አያቅታችሁም።

መጀመሪያ ግን ለምን ፕሮቲን? የጉበታችሁ ሴልና የዓይናችሁ ሴል የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው። ልዩነቱ ከዚያ ውስጥ የትኛው ተነቦ ፕሮቲን ሆነ የሚለው ላይ ነው። ሰው ፕሮቲን የሚሠሩ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። በ2014 ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ በጆንስ ሆፕኪንስ በአኪሌሽ ፓንዴ፣ ሌላው በሙኒክ በበርንሃርድ ኩስተር የሚመሩ፣ የመጀመሪያውን የሰው ፕሮቲን ረቂቅ ካርታ በተመሳሳይ ሳምንት አሳተሙ። የፓንዴ ቡድን ከ30 ዓይነት ናሙና የ17,294 ጂኖችን ፕሮቲን አየሁ አለ። ብዙ ተጨበጨበ። ወዲያው ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ውጤቱን በርብረው አንድ የሚያስቅ ነገር አገኙ፤ ሽታ ለማሽተት የሚያገለግሉ ተቀባዮች አፍንጫ ውስጥ ሳይሆን ከማሽተት ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው ቲሹዎች ውስጥ "ተገኝተው" ነበር። ማስረጃውን ጠጋ ብለው ሲያዩት ደካማ ነበር። ይቺን ታሪክ ያዟት፣ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፉ

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚለው ለዚህ ሙያ የተተረተ ነው የሚመስለኝ። እንዲያውም ቆይተን የምር እንደቁሳለን።

ካርታ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? "ምን ምን ፕሮቲን አለ" አንድ ጥያቄ ነው። "ከታመመው ጉበትና ከጤነኛው የትኛው ጨመረ" ሌላ ነው። "ሴሉ ውስጥ የት ተቀምጧል" ሦስተኛ ነው። አሠራራቸው ይለያያል። ሦስቱንም በአንድ ናሙና ልመልስ ያለ ሰው አንዱንም ሳይመልስ ነው የሚቀረው።

ብዛቱንም አስቡ። ከአንድ አይጥ ጉበት አምስት ቁራጭ ወስዶ አምስት ናሙና አለኝ ማለት ራስን ማታለል ነው። ያላችሁ አንድ አይጥ ነው። አምስት አይጥ ሲሆን ነው አምስት የሚባለው።

ቅደም ተከተሉም ይወሰን። ይሄንን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው። ጀማሪ ሳለሁ ጤነኞቹን ናሙናዎች በሙሉ ሰኞና ማክሰኞ፣ የታመሙትን ረቡዕና ሐሙስ ማሽን ላይ ጫንኩ። ለአሠራር ቀለለኝ። በመሀል ኮለኑ (ናሙናው ወደ ማሽኑ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ) እየደከመ ሄዷል፣ እኔ ግን አላየሁም። ውጤቱ ሲመጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች በበሽታው "ቀንሰዋል"። ደስ ብሎኝ ለአለቃዬ አሳየሁ፤ እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፣ "በየትኛው ቀን ነው የተጫኑት?" አለቀ። ሁሉም እንደ አዲስ ተሠራ። እናንተ ዕጣ አውጡ። ስሞቹን በኮምፒውተር አደበላልቁና በወጣው ቅደም ተከተል ጫኑ። ናሙና ስታዘጋጁም እንደዚያው።

ናሙና መሰብሰብ

ፕሮቲን አይጠብቃችሁም። ቲሹው ከአካል በተለየ ደቂቃ ውስጥ የራሱ ኢንዛይሞች ራሱን መብላት ይጀምራሉ፤ ፎስፌት የተለጠፈባቸው ፕሮቲኖች ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ይለወጣሉ። ስለዚህ ቲዩቦቹ ስም ተጽፎባቸው፣ በረዶው ቀርቦ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅኑ ተቀድቶ ነው ሥራ የሚጀመረው።

ለጉበት፦ ጉበት ማለት በደም የተሞላ ስፖንጅ ነው። ካላጠባችሁት ካርታችሁ የሄሞግሎቢንና የአልቡሚን፣ የደም ፕሮቲኖቹ፣ ካርታ ይሆናል። ከተቻለ አካሉ ውስጥ እያለ በደም ሥሩ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ማጠቢያ የጨው ውሃ) ይለፍበት። ካልተቻለ በቶሎ ቆራርጣችሁ ቀዝቃዛ ፒቢኤስ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ከዚያ ከ20 እስከ 50 ሚሊ ግራም በሚሆን ቁራጭ ከፋፍላችሁ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ጣሉት፣ ከዚያ ወደ ሰማንያ ከዜሮ በታች ፍሪዘር። በትንንሹ መከፋፈሉ ለምንድነው? አንድ ትልቅ ቁራጭ በየጊዜው እያወጡ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ናሙናውን ይገድለዋል።

ለሴል፦ ሴሎቹ የሚያድጉበት ምግብ ውስጥ የጥጃ ሴረም አለ። ሴረሙ ደግሞ በአልቡሚን የታጨቀ ነው። ስለዚህ ሳህኑን በቀዝቃዛ ፒቢኤስ ሦስት ጊዜ እጠቡ። ሴሎቹን በትሪፕሲን፣ ፕሮቲን ቆራጭ በሆነው ኢንዛይም፣ አታስለቅቋቸው፣ ላያቸው ላይ ያሉትን ፕሮቲኖች ይከረክማቸዋል። በመፋቂያ ፋቋቸው። አንድ ሚሊዮን ሄላ ሴል በግምት ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ማሽኑ ላይ የሚጫነው አንድ ማይክሮ ግራም ቢሆን ነው፤ ስለዚህ "አነሰኝ" ብላችሁ አትጨነቁ።

መብራት በሚጠፋበት አገር የሰማንያ ዲግሪ ፍሪዘር ማስተዳደር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጄኔሬተር ከሌለ አንድ ቅዳሜና እሁድ የዓመት ልፋት ያቀልጣል። ግን ሌላ መንገድ አለ። የሆስፒታል ፓቶሎጂ ክፍሎች ለምርመራ ብለው በፎርማሊን አጽንተው በሰም ውስጥ የሚያስቀምጧቸው የቲሹ ብሎኮች በክፍል ሙቀት ለዓመታት ይቆያሉ። ከእነሱም ፕሮቲን ማውጣት ይቻላል። ሰሙን በሟሟ ማስወገድ፣ ከዚያ ኤስዲኤስ የሚባል ሳሙና ባለበት ውህድ ውስጥ በ95 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት ያህል መቀቀል ነው፤ ሙቀቱ ፎርማሊን ያሰራቸውን ድልድዮች ይፈታቸዋል። የሰው ቲሹ ከሆነ ግን ብሎኩን ከመንካታችሁ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት በእጃችሁ ይኑር።

መደቆስ

የቀዘቀዘውን ጉበት ሙቀጫ ውስጥ አድርጋችሁ ፈሳሽ ናይትሮጅን እያፈሰሳችሁ ዱቄት እስኪሆን ውቀጡት። ሙቀጫውም ዘነዘናውም አስቀድመው ይቀዝቅዙ። ዱቄቱ እንዳይቀልጥ በቶሎ ማሟሚያው ውስጥ ይግባ።

ማሟሚያው ሁለት ዓይነት ነው የሚሆነው። ስምንት ሞላር ዩሪያ፣ ወይም አምስት ፐርሰንት ኤስዲኤስ። ዩሪያ ከመረጣችሁ በዕለቱ በጥብጡት፣ ከ37 ዲግሪ በላይ ደግሞ በጭራሽ አታሙቁት። ሲሞቅ ይበሰብስና ፕሮቲኑ ላይ ይለጠፋል፤ በየፔፕታይዱ (በየፕሮቲን ቁርጥራጩ) ላይ 43 ዳልተን፣ የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው፣ ተጨምሮበት ስታዩ ነው የሚገባችሁ። ኤስዲኤስ ሳሙና ነው። ሁሉንም ያሟማል፣ የሽፋን ፕሮቲኖችን ሳይቀር፣ በ95 ዲግሪም ይቀቀላል። ችግሩ ማሽኑ ሳሙና አይወድም። ትንሽ እንኳ ከገባ የፔፕታይዱን ድምፅ ያፍነዋል። እኔ ኤስዲኤስ ነው የምመርጠው፣ ምክንያቱም ዛሬ ጥሩ ማጠቢያ ዘዴ አለ፤ አሁን እንደርስበታለን።

ሴሉ ሲፈነዳ ዲኤንኤው ይወጣና ፈሳሹ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ፒፔት አይስበውም። ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ የሚያናውጥ መሣሪያ) ተጠቀሙ፣ ወይም በቀጭን መርፌ ደጋግማችሁ ሳቡትና ልቀቁት። ውሃ ሲመስል በ16,000 ጂ (የመሬት ስበት 16,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩና ላይኛውን ውሰዱ። ከዚያ የፕሮቲኑን መጠን በቢሲኤ (በቀለም የፕሮቲን መጠን በሚያሳይ መለኪያ) ለኩ። አደራ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ዲቲቲ የተባለ ኬሚካል ከመጨመራችሁ በፊት። ዲቲቲ የቢሲኤን ቀለም ያዛባል።

መፍታት፣ መዝጋት፣ ማጠብ፣ መቁረጥ

ከዚህ በኋላ ያለው ምግብ እንደመሥራት ነው። በ50 ማይክሮ ግራም ፕሮቲን፣ በ50 ማይክሮ ሊትር ውስጥ እንሥራው።

ዲቲቲ እስከ 5 ሚሊ ሞላር ጨምሩ፣ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ይቆይ (ዩሪያ የመረጣችሁ ግን ከ37 አትለፉ)። ይሄ ሲስቲን በሚባሉት አሚኖ አሲዶች መካከል ያሉትን የሰልፈር ማሰሪያዎች ይፈታል። ቀዝቀዝ ሲል አዮዶአሴታማይድ እስከ 15 ሚሊ ሞላር ጨምሩና ለ30 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አስቀምጡት። መሳቢያ ይበቃል። ይሄኛው የተፈታው ሲስቲን መልሶ እንዳይታሰር ጫፉን ይዘጋዋል፣ በክብደትም 57.02 ዳልተን ይጨምርበታል። ይቺን ቁጥር አትርሷት፣ ኮምፒውተሩ ይጠይቃችኋል። የቀረውን ለማብረድ ድጋሚ 5 ሚሊ ሞላር ዲቲቲ።

አሁን ሳሙናውን እናስወግድ። ኤስፒ3 የሚባለው ዘዴ ማግኔት የሚስባቸውን ደቃቅ ዶቃዎች ይጠቀማል። ለ50 ማይክሮ ግራም ፕሮቲን 500 ማይክሮ ግራም ዶቃ ጨምሩ፣ ከዚያ የፈሳሹን ያህል ኢታኖል። ኢታኖሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ፕሮቲኑ ፈሳሹን ትቶ ዶቃው ላይ ይጣበቃል። ለ10 ደቂቃ ይወዝወዝ። ማግኔት ላይ አስቀምጡት፣ ዶቃው ወደ ጎን ሲሰበሰብ ፈሳሹን ሳቡና ድፉ። ሳሙናው ሄደ። በ80 ፐርሰንት ኢታኖል ሦስት ጊዜ እጠቡ። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ አፍሶ ለቀመ ነው፣ ዶቃውን ከፈሳሹ ጋር ስቦ ይደፋል። ፒፔቱን በዝግታ፣ ከዶቃው በተቃራኒ በኩል።

ከዚያ ትሪፕሲን። ትሪፕሲን ቆሽት የሚሠራው የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ነው። ላይሲንና አርጂኒን የሚባሉትን አሚኖ አሲዶች ፈልጎ ከኋላቸው ይቆርጣል፣ ቀጥሎ ፕሮሊን ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። የሚያስመሰግነው ይሄ ነው፤ የት እንደሚቆርጥ ስለሚታወቅ ኮምፒውተሩ ቁርጥራጮቹን አስቀድሞ ሊያሰላቸው ይችላል። ለ50 ማይክሮ ግራም ፕሮቲን 1 ማይክሮ ግራም ትሪፕሲን፣ በ100 ማይክሮ ሊትር የ100 ሚሊ ሞላር አሞኒየም ባይካርቦኔት ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ እየተወዘወዘ ይደር። ዩሪያ የመረጣችሁ ከሆነ ኤስፒ3ን ዘላችሁ ዩሪያውን ከአንድ ሞላር በታች እስኪሆን በማቅጠን ነው ትሪፕሲን የሚጨመረው፤ አለበለዚያ ኢንዛይሙ ራሱ ይፈታል።

ጠዋት ማግኔት ላይ አድርጋችሁ ፈሳሹን ወደ አዲስ ቲዩብ ውሰዱ። ፔፕታይዶቹ እዚያ ናቸው፣ ዶቃውን አሁን መጣል ይቻላል። ፒኤቹ ከሦስት በታች እስኪሆን ፎርሚክ አሲድ ጨምሩ። ትሪፕሲኑ ይቆማል።

ጨው ማጽዳት ቀረ። ሲ18 (ፔፕታይድ ይዞ ጨውን የሚያሳልፍ ነገር) የተጠቀጠቀበት የፒፔት ጫፍ ውሰዱ፣ በአሴቶናይትራይል አርጥቡት፣ በ0.1 ፐርሰንት አሲድ አዘጋጁት፣ ናሙናውን አሳልፉ፣ በአሲዱ እጠቡ፣ በ60 ፐርሰንት አሴቶናይትራይል አውጡ። ጫፉ ምን ያህል እንደሚሸከም አስቀድማችሁ እዩ፣ ከአቅሙ በላይ ስትጭኑት የተረፈው አልፎ ይሄዳል። ከዚያ በቫክዩም ይድረቅ።

የደረቀ ፔፕታይድ ጠንካራ ነገር ነው። ማሽን በአቅራቢያችሁ ከሌለ ሥራው እዚህ ድረስ በእጃችሁ ይሠራና የደረቀው ቲዩብ ማሽን ወዳለበት ይላካል። ብዙ ሰው "ማሽን የለንም" ብሎ ነው የሚተወው። ከላይ ያለው ሁሉ በዋናነት የሚጠይቀው ሴንትሪፊውጅ፣ ማሞቂያና ንጹህ እጅ ነው።

ስለ ንጹህ እጅ

ጠላታችሁ ኬራቲን ይባላል። ቆዳ፣ ፀጉር፣ ጥፍር ነው። አቧራ ውስጥም አለ። ጓንት አጥልቁ፣ በጓንቱ ደግሞ ፊታችሁን አትነካኩ፣ ስልካችሁንም። የሱፍ ሹራብ ለብሳችሁ ናሙና ላይ አታጎንብሱ፤ ሱፍ የበግ ኬራቲን ነው። አንድ ጊዜ የአይጥ ናሙና ውስጥ በግ ያገኘ ጓደኛ አለኝ፣ ብርድ ነበር፣ ላቦራቶሪ ውስጥ የሱፍ ነገር ደርቦ ነው የሠራው።

ሁለተኛው ጠላት ፒኢጂ (ፖሊኢታይሊን ግላይኮል) የሚባል ኬሚካል ነው። ሳሙናና ክሬም ውስጥ፣ አንዳንድ የፕላስቲክ ዕቃ ላይም ይገኛል። ማሽኑ ላይ በ44 ዳልተን እየተራራቀ እንደ አጥር እንጨት የተደረደረ ምልክት ካያችሁ እሱ ነው። የመስታወት ዕቃችሁንም በሳሙና አታሳጥቡ። ይሄንን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሳይነግሩ የቀሩ ሰዎች ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሲወቅሱ አይቻለሁ።

ማሽኑ ጋ

የደረቀውን በ0.1 ፐርሰንት ፎርሚክ አሲድ አሟሙትና መጠኑን ለኩ። ሁሉንም ናሙና እኩል አድርጉ። ትንሿ ብልቃጥ ውስጥ ስትጨምሩ ከታች የአየር አረፋ እንዳይቀር በጣታችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጓት፤ መርፌው አረፋውን ስቦ ባዶ ናሙና የጫነበት ሌሊት ስንቱ ነው።

ፔፕታይዶቹ መጀመሪያ የሚያልፉት የውስጥ ስፋቱ 75 ማይክሮ ሜትር በሆነ ቀጭን ኮለን ውስጥ ነው። ፈሳሹ በደቂቃ 300 ናኖ ሊትር ይፈሳል። በዚህ ፍጥነት አንድ ሚሊ ሊትር ለማፍሰስ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። አሴቶናይትራይሉ ቀስ እያለ ሲጨምር ፔፕታይዶቹ በየተራ ይለቀቃሉ፣ ለ60 ወይም ለ90 ደቂቃ። ኮለኑ ጫፍ ላይ ሁለት ሺህ ቮልት ያህል አለ፤ ጠብታው ጉም ሆኖ ይበተንና ፔፕታይዱ ኤሌክትሪክ ተሸክሞ አየር ላይ ይቀራል። ለዚህ ዘዴ ጆን ፌን በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከተካፈሉት አንዱ ሆነ።

የራሳችሁን ናሙና ከመጫናችሁ በፊት በትሪፕሲን የተቆረጠ የላም አልቡሚን ጫኑ። ርካሽ ነው፣ ምን መምጣት እንዳለበትም ይታወቃል። ከዚያ ባዶ ፈሳሽ፣ ከፊተኛው ናሙና የተረፈ ካለ እንዲታይ። ከዚያ የእናንተ።

በዚሁ አልቡሚን ማሽኑ ምን እንደሚያይ አንድ ጊዜ ቀረብ ብለን እንመልከት። ከአልቡሚኑ ቁርጥራጮች አንዱ አሥር አሚኖ አሲድ ነው፦ ሉሲን፣ ቫሊን፣ አስፓራጂን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ሉሲን፣ ትሪዮኒን፣ ግሉታሚክ አሲድ፣ ፌኒልአላኒን፣ አላኒን፣ ላይሲን። መጨረሻው ላይሲን ነው፣ ትሪፕሲን የቆረጠው እዚያ ስለሆነ። ሁለት ፕሮቶን ተሸክሞ ሲመጣ ማሽኑ 582.319 ላይ ያየዋል፤ ማሽኑ የሚያሳየው ክብደቱን ለቻርጁ አካፍሎ ነው። አጠገቡ ያሉት ትንንሽ ጫፎች፣ አንድ አንድ ዳልተን ያህል የሚከብዱት ወንድሞቹ፣ በግማሽ በግማሽ ይራራቃሉ፤ ያ ነው ሁለት ቻርጅ እንዳለው የሚነግራችሁ። ሦስት ቢሆን ርቀቱ 0.33 ይሆን ነበር።

ከዚያ ማሽኑ ይህን ፔፕታይድ ለብቻው ይይዝና ከጋዝ ጋር አጋጭቶ ይሰብረዋል። ስብርባሪዎቹን ከጭራው ጀምራችሁ ቁጠሩ። 147.11፣ ላይሲን ብቻውን። 218.15፣ ልዩነቱ 71.04፣ አላኒን ነው። 365.22፣ ልዩነቱ 147.07፣ ፌኒልአላኒን። 494.26፣ ግሉታሚክ አሲድ። 595.31፣ ትሪዮኒን። 708.39፣ ሉሲን። እንደ መሰላል እየወጣችሁ ስሙን ፊደል በፊደል ታነቡታላችሁ። የሰው አልቡሚን እዚሁ ቦታ ላይ ከላሙ የሚለየው በአንድ አሚኖ አሲድ ነው፣ በመሀለኛው ሉሲን ምትክ ቫሊን አለው። ስለዚህ ሙሉው ፔፕታይድ 575.311 ላይ ይመጣል፣ መሰላሉም እስከ 595.31 ድረስ አንድ ሆኖ ቀጣዩ ደረጃ 694.38 ይሆናል። ሰውና ጥጃ የሚለያዩት በ14 ዳልተን ነው፣ ማሽኑ ግን አይስታቸውም። የሚስተው ሌላ ነገር አለ፤ ሉሲንና አይሶሉሲን ክብደታቸው ፍጹም አንድ ነው። በዚህ መንገድ አይለዩም።

ከሁለት አሠራሮች አንዱን መምረጥ አለባችሁ። በአንደኛው፣ ዲዲኤ በሚባለው፣ ማሽኑ በየቅጽበቱ ጎልተው የታዩትን ፔፕታይዶች እየመረጠ ይሰብራል። ለመረዳት ቀላል ነው። ችግሩ ዛሬ የመረጠውን ነገ ላይመርጥ ይችላል፣ ሰንጠረዣችሁ በክፍተት ይሞላል። በሁለተኛው፣ ዲአይኤ በሚባለው፣ ሳይመርጥ በመስኮት በመስኮት ከፋፍሎ ሁሉንም ይሰብራል። ስፔክትረሙ ድብልቅልቅ ያለ ነው፣ የሚፈታው ሶፍትዌሩ ነው። ብዙ ናሙና ለማወዳደር ከሆነ አሁን ዲአይኤ ነው የሚያዋጣው። በዘመናዊ ማሽን ከአንድ የሄላ ጭነት ከ5,000 በላይ ፕሮቲን ማየት የተለመደ ሆኗል።

ኮምፒውተሩ ጋ

ሶፍትዌሩን ለመግዛት አትሩጡ። ማክስኳንት፣ ፍራግፓይፕና ዲአይኤ-ኤንኤን ለትምህርትና ምርምር በነጻ ይገኛሉ። የፕሮቲኖቹን ዝርዝር ዩኒፕሮት ከሚባለው የፕሮቲን መረጃ ቋት አውርዱ፤ ለሄላ የሰው፣ ለጉበቱ የአይጥ። የተለመዱ ብክለቶችን ዝርዝርም ጨምሩ፣ ኬራቲን፣ ትሪፕሲን፣ የላም አልቡሚን። ይሄንን የዘለለ ሰው የጥጃውን ፔፕታይድ በግድ ለሰው ያስታቅፈዋል።

ቅንብሩ ላይ ኢንዛይሙን ትሪፕሲን፣ ሲስቲን ላይ ቋሚ የ57.02 ጭማሪ፣ ሜቲዮኒን ላይ አንዳንዴ የሚኖር የኦክስጅን ጭማሪ፣ 15.995፣ በሉ። ፎስፌት ካልፈለጋችሁ አትጨምሩት፤ የምርጫ ብዛት የስህተትን በር ይከፍታል። ፎስፌት የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ለብቻው መሰብሰብ ያስፈልጋል፣ ያ ሌላ መመሪያ ነው።

የስህተት መጠን አንድ ፐርሰንት ይሁን። ሶፍትዌሩ ይህን የሚያሰላው የሌሉ፣ የተገለበጡ የውሸት ፕሮቲኖችን ከእውነተኞቹ ጋር ደባልቆ በመፈለግ ነው። የውሸቱ ስንት ጊዜ "ተገኘ" የሚለው ከእውነተኞቹ ውስጥም ስንቱ በአጋጣሚ እንደሆነ ይጠቁማል። ብልህ ዘዴ ነው። ግን አንድ ፐርሰንት ማለት ከ5,000 ውስጥ 50 ያህሉ ስህተት ናቸው ማለት ነው። ለጽሑፋችሁ ርዕስ ያደረጋችሁት "አስደናቂው ፕሮቲን" ከእነዚያ 50 አንዱ ሊሆን ይችላል። በተለይ በአንድ ፔፕታይድ ብቻ የታየ ከሆነ።

ወደ ማሽተቻዎቹ ተቀባዮች የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ውዝግብ በኋላ ዓለም አቀፉ የሰው ፕሮቲን ፕሮጀክት መስፈርቱን አጠበቀ፤ አንድ ፕሮቲን "ታየ" ለመባል ቢያንስ ሁለት የተለያዩ፣ የእሱ ብቻ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ዘጠኝ ወይም ከዚያ በላይ አሚኖ አሲድ ያላቸው ፔፕታይዶች ያስፈልጋሉ። "የእሱ ብቻ የሆኑ" የምትለዋን አስምሩባት። ቤታ አክቲንና ጋማ አክቲን የሚለያዩት መነሻቸው አካባቢ ባሉ አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ ነው። ሌላውን ፔፕታይድ ይዛችሁ "ቤታ አክቲን አገኘሁ" ብትሉ ማስረጃ የላችሁም። ሶፍትዌሩ እንዲህ ያሉትን በቡድን ያስቀምጣቸዋል፣ ቡድን ብላችሁ ጻፉ።

የወጣውን ሰንጠረዥ ወዲያው አታወዳድሩ። መጀመሪያ ያልተቆረጡ ቦታዎች ስንት ናቸው? ከ20 ፐርሰንት ከበለጡ ትሪፕሲኑ በደንብ አልሠራም። ኬራቲንስ? ሄሞግሎቢን በአንዱ ጉበት ከሌሎቹ ይልቅ ከበዛ እጥበቱ አልተስተካከለም። ናሙናዎቹ በቡድናቸው ይሰበሰባሉ ወይስ በተጫኑበት ቀን? በቀን ከሆነ ከላይ የነገርኳችሁን ታሪክ እየደገማችሁት ነው። ባዶ የሆኑትን ሳጥኖችም በዘፈቀደ ቁጥር አትሙሏቸው፤ አንድ ፕሮቲን ባዶ የሆነው አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ስለሆነ ነው።

የት ነው ያለው?

እስካሁን ጉበቱን ደቁሰን ደባለቅነው። ማን እንዳለ እንጂ የት እንዳለ አናውቅም።

ለዚህ ጉበቱ አይቀዘቅዝም፣ አይወቀጥም። ትኩሱን በ250 ሚሊ ሞላር ሱክሮዝ ውስጥ፣ በረዶ ላይ፣ በመስታወት መፍጫ ቀስ ብላችሁ ፍጩት። ሴሉ ይፍረስ፣ ውስጡ ያሉት ክፍሎች ግን አይፍረሱ። ከዚያ በ1,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ስታሽከረክሩ ኒውክለሱና ያልፈረሰው ሴል ይዘቅጣል። ላይኛውን ውሰዱና በ10,000 ጂ፤ ሚቶኮንድሪያ ይወርዳል። እንደገና ላይኛውን በ100,000 ጂ ለአንድ ሰዓት፤ ደቃቅ ሽፋኖች ይወርዳሉ። የተረፈው ፈሳሽ ሳይቶሶል፣ የሴሉ ፈሳሽ ክፍል፣ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው ከላይ እንዳለው አሟሙ፣ ቁረጡ፣ ጫኑ።

ችግሩ አንዱም ንጹህ አይደለም። የሚቶኮንድሪያው ዝቃጭ ውስጥ ላይሶዞምም ፐሮክሲዞምም የሚባሉ ሌሎች የሴል ክፍሎች አሉ። ክርስቲያን ደ ዱቭ ቤልጅየም ውስጥ በ1950ዎቹ ላይሶዞምን ያገኘውም ከዚሁ የአይጥ ጉበት ዝቃጭ ነበር፤ የሚከታተለው ኢንዛይም ሚቶኮንድሪያ ከሚሄድበት መንገድ ትንሽ ዘወር ሲልበት ነው የነቃው። እናንተም እንደሱ አስቡ። "ይሄ ፕሮቲን በዚህ ዝቃጭ ውስጥ አለ" አትበሉ። በሁሉም ክፍሎች እንዴት እንደተከፋፈለ መስመር ሥሩለትና አድራሻቸው ከሚታወቁት ጋር አስተያዩት። ሂስቶን ለኒውክለስ፣ ቪዳክ ለሚቶኮንድሪያ፣ ካልኔክሲን ለኢአር (ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም)፣ ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ለሳይቶሶል። መስመሩ ከቪዳክ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ሚቶኮንድሪያ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ሎፒት ያሉት ዘዴ ይሄንኑ ሐሳብ በሺህ በሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ላይ የሚሠራ ነው። ሁለት መስመር እየተመሳሰለ ለሁለቱም ቦታ የሚሆን ፕሮቲን ከገጠማችሁ አትደንግጡ፣ ሁለት አድራሻ ያለው ፕሮቲን ብዙ ነው።

በቲሹ ደረጃ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ማለትም ከጉበቱ በየትኛው ጥግ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀጭን ቁራጭ መስታወት ላይ አድርጎ በሌዘር ነጥብ በነጥብ መተኮስ ነው፤ መሠረቱ ጃፓናዊው ኮይቺ ታናካ በስህተት ግሊሰሪን ከኮባልት ዱቄት ጋር ደባልቆ ያገኘው ነገር ነው፣ እሱም በ2002ቱ ኖቤል ተካፍሏል። ሥዕሉ ያምራል፣ ግን በዋናነት ትንንሽ ሞለኪውሎችን ነው የሚያሳየው። ሌላው በማይክሮስኮፕ እያዩ የሚፈለጉትን ሴሎች በሌዘር ቆርጦ አውጥቶ እንደተለመደው መጫን ነው። አድካሚ ነው፣ ነገር ግን ጥልቀት አለው። መጨረሻ ላይ ያገኛችሁትን አድራሻ በፀረ እንግዳ አካል አቅልማችሁ በማይክሮስኮፕ አረጋግጡ፣ ወይም ቢያንስ የስዊድኑን የሰው ፕሮቲን አትላስ ከፍታችሁ አስተያዩ፤ ምስሎቹ በነጻ ናቸው።

ማሽንም ናሙናም ሳይኖራችሁ ዛሬ ማታ መጀመር ከፈለጋችሁ ፕራይድ የሚባለው የእንግሊዙ የመረጃ ቋት ውስጥ ሰዎች ያወጧቸው ጥሬ ፋይሎች አሉ። አንድ የሄላ ዲዲኤ ፋይል አውርዱ፣ ኔትወርኩ ደህና በሆነ ሰዓት፣ ፋይሎቹ ከባድ ናቸው። ፍራግፓይፕ ላይ ጫኑት፣ ከብክለት ዝርዝሩ ጋር። ሲጨርስ 582.319ን ፈልጉ። ከተገኘ መሰላሉን ከ147.11 ጀምራችሁ ውጡ፤ 595.31 ደርሳችሁ ቀጣዩ 708.39 ከሆነ ያ ላቦራቶሪ ሳህኑን በደንብ አላጠበውም፣ ጥጃው አሁንም እዚያ አለ።